«ይፈቀዳል» ካልን በኋላ፦ በመስታወት ውስጥ ያለችው ኤሊ ፀሐይዋን ከማን ታገኛለች?



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። «ኡስታዙ ደግሞ ስለ ኤሊ አምፖል መጻፍ ጀመረ?» የሚል እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ችግር የለም፣ ሳቁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ከዚያ ፍረዱኝ። ጉዳዩ የኤሊ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላመጣውም ነበር። እኔ ራሴ የሰጠሁት አንድ ጎዶሎ መልስ ያስከተለውን ጉዳት ስላየሁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ውስጥ በማገለግልበት መስጂድ ከዐስር በኋላ ሕፃናትን ቁርኣን አስቀራለሁ። ከዒደል ፊጥር በኋላ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እያለከለከ መጣና «ኡስታዝ፣ ኤሊ ቤት ውስጥ ማሳደግ ይፈቀዳል ወይ?» አለኝ። አክስቱ ከዐረብ አገር ስትመለስ መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ የውኃ ኤሊ አምጥታለት ኖሯል። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያለባት፣ በየአገሩ በቤት እንስሳ መሸጫ የምትገኘው ዓይነት ናት።

እኔም ስለ አቡ ዑመይር ነገርኩት። የአነስ ኢብኑ ማሊክ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወፏን ለምን ያዝክ ብለው አልከለከሉትም፤ ስትሞትበትም በፍቅር አጫውተውታል። ዑለማዎች ከዚህ ሐዲሥ ልጅ እንስሳ ይዞ መጫወቱ እንደሚፈቀድ ወስደዋል፤ ካላሠቃየው። «ስለዚህ ይፈቀዳል፤ አብላት፣ አታሠቃያት» ብዬ ሸኘሁት። ልጁ ደስ ብሎት ሄደ፤ እኔም ረሳሁት።

መልሱ ስህተት አልነበረም፣ ግን ጎዶሎ ነበር። ጎዶሎነቱን ያየሁት ክረምት ሲገባ ነው።

በሐምሌ አንድ ቀን ልጁ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «ኡስታዝ፣ ኤሊዬ መብላት ትታለች፤ ጀርባዋም ለስልሷል» አለኝ። የኤሊ ጀርባ እንዴት ይለሰልሳል ብዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ኤሊዋ በመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ውኃው ንጹሕ ነው። ምግብ አልጎደለባትም፤ የመታትም የለም። እናቱ «ኡስታዝ፣ ወላሂ ከልጆቼ አሳንሼ አላየኋትም፤ ፀሐይም በመስኮት በኩል ታገኛለች» አሉኝ። እጄን ውኃው ውስጥ ስከት ግን የምንጭ ውኃ ያህል ቀዘቀዘኝ። ጀርባዋን በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ እርጥብ ካርቶን ገባ አለ። ጠርዙም ወደ ላይ ታጥፏል።

የሰፈራችን ሰው የሆነ የእንስሳት ሐኪም አለ፤ ሥራው ከላምና ከበግ ጋር ነው። «ኤሊ አክሜ አላውቅም» አለን በግልጽ፤ አላህ ይስጠው። «ይህን በሽታ ግን አውቀዋለሁ። ፀሐይ ሳያይ በጨለማ ጋጣ ያደገ ጥጃ እግሩ የሚጣመመው በዚሁ ነው።» ከዚያ በኋላ እኔም፣ ልጁም፣ አክስቱም ያለንን ጊዜ ሁሉ ሰጥተን ነገሩን ተማርነው። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ኤሊ ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው

እኔና አንተ ብርድ ቢሆንም ሙቀት ቢሆንም ሰውነታችን 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። የበላነውን እያቃጠልን ከውስጥ እንሞቃለን። ኤሊ እንዲህ አይደለችም። የሰውነቷ ሙቀት የአካባቢዋ ሙቀት ነው። መሞቅ ስትፈልግ ከውኃው ወጥታ ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሲበቃት ተመልሳ ትገባለች። የሆዷ ሥራ፣ በሽታን የመከላከል አቅሟ፣ እንቅስቃሴዋ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የተቀመጠች ኤሊ ምግብ ብትበላ እንኳ አይፈጭላትም። «አልበላ አለች» የምንላት ኤሊ ብዙ ጊዜ የበረዳት ኤሊ ናት።

ይህች ቀይ መስመር ያለባት ኤሊ የትውልድ አገሯ አሜሪካ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ ነው። የምትኖርበት ውኃ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማታል። የምትሞቅበት ደረቅ ቦታ ደግሞ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መድረስ አለበት። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌ ዝናብ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቤታችን ስንት ዲግሪ እንደሚሆን የሚያውቀው በሁለት ብርድ ልብስ የሚተኛ ነው። እሷ ግን ብርድ ልብስ የላትም።

ብርሃኑ ሌላ፣ ሙቀቱ ሌላ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ፀሐይ ለኤሊ ሁለት ነገር ትሰጣለች። አንዱ ሙቀት ነው። ሁለተኛው በዓይን የማይታይ ጨረር ነው፤ አልትራቫዮሌት ይባላል። ይህ ጨረር ሦስት ዓይነት ነው፦ ዩቪ ኤ፣ ዩቪ ቢ እና ዩቪ ሲ። ለኤሊ አጥንትና ጀርባ የግድ የሚያስፈልገው ዩቪ ቢ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ዩቪ ቢ ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ በቆዳዋ ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር መለወጥ ይጀምራል። ያ የተለወጠው ነገር በሰውነቷ ሙቀት ቀስ እያለ ቫይታሚን ዲ3 ይሆናል። ቫይታሚን ዲ3 ከሌለ የበላችው ካልሲየም ወደ ደሟ በደንብ አይገባም። ካልሲየም ሲጎድል ሰውነቷ ከራሷ አጥንትና ከራሷ ጀርባ እያነሳ ይጠቀማል። ያን ጊዜ ጀርባው ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፤ እግሮቿም ይደክማሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ሕፃን ልጅ ጠዋት ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ያሞቃሉ። ጤና ጣቢያም ስንሄድ «ልጁን ፀሐይ አሙቁት» ይባላል። ቤት ውስጥ ተሸፋፍኖ የዋለ ልጅ እግሩ የሚጎብጥበት በሽታ፣ ሪኬትስ የሚሉት፣ የዚያች ኤሊ በሽታ ዘመድ ነው። ለልጃችን የምናውቀውን ለኤሊዋ ማሰብ ነው የቀረን።

የእናትየውን ቃል አስታውሱ፤ «ፀሐይ በመስኮት ታገኛለች» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ብርሃኑ ይገባል፣ ሙቀቱም ይገባል። የመስኮት መስታወት ግን ዩቪ ቢን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል። የገንዳው መስታወትና ተራ የፕላስቲክ ክዳንም እንዲሁ። ያቺ ኤሊ አራት ወር ሙሉ ፀሐይን ስታያት ነበር፤ ፀሐይ ግን አልደረሰቻትም። ይህን ባወቅኩበት ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ነበር።

እኔ የገዛሁት የተሳሳተ አምፖል

ጥፋቴን ለማካካስ ብዬ ገበያ ወጣሁ። «የዩቪ መብራት አለ?» ስል አንድ ሻጭ ወይን ጠጅ ብርሃን የምትረጭ ትንሽ መብራት ሰጠኝ። ገዛሁ፣ ገጠምኩ፣ ልጁም አመሰገነኝ። ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ የለም። ኋላ ስናጣራ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያደርቁበት ዓይነት መብራት ሆኖ ተገኘ! እሱ የሚሰጠው ዩቪ ኤ ነው፤ ቫይታሚን ዲ3 አያሠራም። ሻጩን አልወቅሰውም። «ዩቪ» ብዬ ጠየቅኩ፣ «ዩቪ» ሰጠኝ።

የባሰም አለ። ውኃና ዕቃ ከጀርም የሚያጸዱ የዩቪ ሲ መብራቶች አሉ፤ ጨረራቸው 254 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በኮሮና ጊዜ ብዙ ቦታ ገብተዋል። እነዚህ የተሠሩት ሕይወት ያለውን ነገር ለመግደል ነው። ኤሊዋ ላይ ቢበሩ ዓይኗንና ቆዳዋን ያቃጥላሉ፤ አንተም ብታያቸው ዓይንህን ይጎዱሃል። «ዩቪ ነው» የሚል ቃል ብቻ ሰምታችሁ እንዳትገዙ። የሚፈለገው በካርቶኑ ላይ ለተሳቢ እንስሳት የተሠራ መሆኑና ዩቪ ቢ መስጠቱ የተጻፈበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ 5.0 ወይም 10.0 የሚል ቁጥር አለው። በስተመጨረሻ ትክክለኛውን አክስቱ ከዱባይ በመንገደኛ ላከችልን። እዚያ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ከእኛ 220 ቮልት ጋር ይስማማል፤ የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው ያስፈለገን። ከአሜሪካ የምታስልኩ ግን ተጠንቀቁ፤ የዚያ አገር አምፖል ለ110 እና 120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል።

እንዴት እንደገጠምነው

ኤሊ ለያዘ ወንድም ወይም እህት ይጠቅም እንደሆነ በዝርዝር ልጻፈው።

1. ደረቅ ቦታ። ከውኃው ሙሉ በሙሉ ወጥታ ሰውነቷ የሚደርቅበት ድንጋይ ወይም ጡብ ያስፈልጋል፤ መውጫው ተዳፋት ይሁንላት። ጀርባዋ በየቀኑ ካልደረቀ በሽታ ይይዘዋል።

2. የሙቀት አምፖል። የሚሞቀው የድሮው ዓይነት ወይም ሃሎጅን አምፖል ነው፤ ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ የሚረባ ሙቀት አይሰጥም። ከ50 እስከ 75 ዋት ያለው ለትንሽ ገንዳ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማቀፊያው የሸክላ ይሁን፤ የፕላስቲኩ በሙቀት ይቀልጣል። ከፍታውን በግምት አታድርጉት። ድንጋዩ ላይ ቴርሞሜትር አስቀምጡና ከ32 እስከ 35 እስኪያሳይ ድረስ አምፖሉን ከፍ ዝቅ አድርጉ።

3. የዩቪ ቢ መብራት። ዋናው ቁም ነገር ከሙቀቱ አምፖል ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ማረፉ ነው። ቅድም እንዳልኩት ቫይታሚኑ እንዲሠራ ጨረሩም ሙቀቱም ያስፈልጋሉ። ከጎን ሳይሆን ከላይ ይብራ፤ ከጎን ከሆነ ዓይኗን ይወጋታል። ርቀቱ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው መሠረት ነው፤ ለብዙዎቹ ቀጫጭን ዘንግ መብራቶች ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው። በመካከል መስታወት ወይም ፕላስቲክ አይግባ። ጥቅጥቅ ያለ ወንፊትም ብዙውን ጨረር ይቀንሳል።

4. የመለወጫ ቀን። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የዩቪ ቢ መብራት ለዓይን እየበራ እያለ ጨረሩ ይደክማል። እንደ ዓይነቱ በየ6 ወሩ ወይም በየ12 ወሩ መለወጥ አለበት። ልጁ የገጠመበትን ቀን በወረቀት ጽፎ ገንዳው ላይ ለጥፎታል፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

5. የውኃ ማሞቂያ። ውኃ ውስጥ የሚገባ፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማሞቂያ ነው። በግምት ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ዋት ይታሰባል፤ እንደ ደሴ ባለ ብርድ ቦታ ግን ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ኤሊዋ ገጭታ እንዳትሰብረው መከለያ ይደረግበት። ውኃ ስትቀይሩ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ቴርሞሜትሩን ግን አትተዉት፤ ማሞቂያው የተበላሸ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

6. ሰዓቱ። ሁለቱ መብራቶች ቀን ይበራሉ፣ ሌሊት ይጠፋሉ። እኛ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት እናበራለን፤ ልጁ ወደ መግሪብ ሲወጣ ያጠፋዋል። ሌሊት ጨለማ ያስፈልጋታል፤ አላህ ሌሊትን ለእረፍት ያደረገው ለሰው ብቻ አይደለም። የውኃ ማሞቂያው ብቻ ሌሊትም ይሠራል።

7. የኤሌክትሪክ አደጋ። ውኃና ኤሌክትሪክ አብረው ያሉበት ነገር ስለሆነ ቀልድ የለም። መብራቱን በመቆንጠጫ ብቻ አትመኑት፤ በሰንሰለት ወይም በሽቦ ከላይ እሰሩት። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ሎላ ብሎ ይዙር፤ ውኃ በገመዱ ቢወርድ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። የማታውቁ ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ የእኛ አገር ጥያቄ ነው። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ውኃ ቀስ እያለ ነው የሚቀዘቅዝ። ከቆየ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፉት። የፈላ ውኃ በቀጥታ አትጨምሩ። መብራቱ ተመልሶ ውኃው እስኪሞቅ ምግብ አትስጧት።

ከሁሉ የበለጠው መብራት ግን ነፃ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ከተሞቻችንም ከፍታ ላይ ያሉ ስለሆኑ ፀሐያችን ብርቱ ናት። በበጋ፣ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ግማሹ ጥላ የሆነ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ጥቂት ውኃ አድርጋችሁ ለግማሽ ሰዓት ግቢ አውጧት። የመስታወት ገንዳውን ግን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ ውኃው ቶሎ ግሎ ይገድላታል። ከአጠገቧም አትራቁ፤ ድመትና ቁራ አሉ።

ምግቧንም በአንድ ቃል፦ ካልሲየም ያለው ጎመን ጥሩ ነው፤ ቆስጣ ግን አታብዙ፣ ካልሲየሙን የሚይዝ ነገር አለበት። ኤሊ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም ልትይዝ ስለምትችል ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ገንዳዋን የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አትጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይንካት። አሜሪካ በ1975 ጀርባቸው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች በዚህ ጀርም እየታመሙ ስለተቸገረች ነው።

«ሰው እየተራበ ስለ ኤሊ?»

ይህን ጥያቄ አንድ ወንድም ከመስጂድ በር ላይ ጠይቆኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይኸው። እኔ ኤሊ ግዙ አላልኩም። እንዲያውም አትግዙ ነው የምለው። አንድ 75 ዋት አምፖል በቀን 11 ሰዓት ቢበራ በወር 25 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ማሞቂያው ሌላ፣ የዩቪ ቢው ሌላ ነው። ይህች ኤሊ 20 እና 30 ዓመት ትኖራለች። ሴቷ አድጋ ወደ 30 ሴንቲሜትር ትደርሳለች፤ ያቺ ትንሽ ገንዳ የትም አትበቃትም። ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ አግብቶ ልጅ ሲወልድ ኤሊዋ አብራው ናት። ይህን ለመሸከም ያልተዘጋጀ ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

አንዴ ከያዝካት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አሁን ወጪው ምጽዋት አይደለም፣ ቅንጦትም አይደለም፤ ዕዳ ነው። ድመቷን አስራ ሳታበላት፣ ወጥታም ራሷን እንዳትመግብ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት የሚናገረውን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ፣ የሴትዮዋ ጥፋት ምግብ መከልከሏ ብቻ አልነበረም። ድመቷ ራሷ ፈልጋ ከምታገኝበት ቦታ አግዳ መያዟም ጭምር ነው። ኤሊዋም ወንዟ ዳር ብትሆን አንተን አምፖል አትጠይቅህም ነበር። ድንጋይዋ ላይ ወጥታ ፀሐይዋን ትሞቅ ነበር። ከፀሐይ ያገድካት አንተ ነህ፤ ስለዚህ ፀሐይዋ አንተ ላይ ነው ያለው። ኢማም ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ታሞ ወይም አርጅቶ የማይጠቅም እንስሳ እንኳ ወጪው በባለቤቱ ላይ እንደሆነ ጽፈዋል። ያውም ከሰባት መቶ ዓመት በፊት።

ሌላው የሚባለው «አላህ ይጠብቃታል፣ ድሮ ኤሊ በአምፖል ነው ያደገችው?» ነው። አላህ ጠብቋታል፤ ፀሐይን ፈጥሮላታል፣ ፀሐይ መሞቅንም ሳያስተምራት አልተዋትም። መስታወቱን መካከል ያስገባው ሰው ነው። ግመሉን አስሮ መመካት እንደሚገባ የተማርን ሕዝቦች ነን።

በሌላ በኩል ደግሞ ኢስራፍም አለ። ለኤሊዋ ሳይሆን ለቪዲዮ ተብሎ ባለ ቀለም መብራትና ጌጠኛ ድንጋይ መደርደር፣ ጀርባዋንም በቀለም መቀባት። ቀለሙ ጨረሩ ቆዳዋና ጀርባዋ ላይ እንዳያርፍ ያግዳል፤ ይጎዳታልም። ተመልካች ለማግኘት ፍጡር ማሠቃየት ደግሞ ጀማዓዎች ምን ዓይነት ንግድ ነው?

«ወስደን እንልቀቃት»

የልጁ አባት ነገሩ ሲከብዳቸው «ሐይቅ ወስደን ውኃው ውስጥ እንልቀቃት፣ አጅርም እናገኝበታለን» አሉ። ለደግነት ነው ያሉት። ግን ይህች ዓይነት ኤሊ በዓለም ላይ ባዕድ አገር ገብተው ብዙ ጉዳት ካደረሱ 100 ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ናት። ባለቤቶች ሰልችቷቸው ወደ ሐይቅና ወንዝ ስለለቀቋቸው የአገሬውን ኤሊዎች መሞቂያ ቦታና ምግብ ነጥቀዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ወደ ግዛቱ እንዳትገባ የከለከላትም በዚህ ነው። የሐይቅን ውኃ ብዙ ሰው ዓሣ እያጠመደ ይኖርበታል። አንድን ፍጡር አዳንኩ ብሎ ሌላውን መጉዳት አጅር አያስገኝም። ማሳደግ ያቃተው ለሚችል ሰው ይስጥ እንጂ ውኃ ውስጥ አይጣል።

ከውጭ ስትመጡ ሕያው እንስሳ በሻንጣ ማምጣትም እንዲሁ ነው፤ የራሱ ፈቃድና የጤና ምርመራ አለው። የእኛንም ኤሊዎች ከዱር ለቅማችሁ ቤት አታስገቡ። እነሱ ፀሐያቸውን አላጡም።

ለኡስታዞችና ለታላላቆቻችን

በመጨረሻ ለራሴና ለመሰሎቼ የምለው አለኝ። ወጣቱ «ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ ሲመጣ «አዎ» ወይም «አይ» ብለን እንሸኘዋለን። መልሱ ቀላል፣ አጭር፣ ለእኛም ምቹ ነው። ግን «አዎ» ያልነው ነገር ቤት ሄዶ ምን እንደሚሆን አንጠይቅም። ጋብቻ ይፈቀዳል፤ ትችለዋለህ ወይ? ብድር ይፈቀዳል፤ ትከፍለዋለህ ወይ? እንስሳ ማሳደግ ይፈቀዳል፤ የምትበላውን፣ የምትሞቀውን፣ ብርሃኗን ታውቃለህ ወይ? ካላወቅክ ከሚያውቅ ጠይቀህ ና። እኔ ያንን ቀን ይህን አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ልጁ መልስ አጥቶ ሲጠይቅ ሊያገኘው ይችል ነበር።

ሸይኻችን ታሪኩን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «የማላውቀው ነገር አለ ብለህ ብትመልሰው ኖሮ አንተም አታፍርም፣ እሷም አትጎብጥም ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ኤሊዋ ዛሬ በሕይወት አለች፣ አልሐምዱሊላህ። መብራቱ ከተገጠመ በሁለተኛው ሳምንት መብላት ጀመረች። ጀርባዋ በወራት ውስጥ ጠነከረ። የታጠፈው ጠርዝ ግን አልቀናም፤ ሐኪሙም እንደማይቀና ነግሮናል። ልጁ እንግዳ ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ፀሐይ ያላገኘችበት ጊዜ ነው» ይላል። ለዚያ መጣመም እኔም ድርሻ አለኝ።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ በቤትህ፣ በቤትሽ መስታወት ውስጥ ወይም ሳፋ ውስጥ ኤሊ ካለች፣ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ። እጃችሁን ውኃው ውስጥ ክተቱ። ከዚያ ጀርባዋን በቀስታ ንኩት። ቀዝቃዛ ወይም ለስላሳ ከሆነ ነገ ሳትሉ ተነሱ። ኤሊ የሌላችሁ ደግሞ ከእጃችሁ በታች ያለውን ፍጡር፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ «ፀሐይ በመስኮት ታገኛለች» ብላችሁ እንዳትረሱት።

አላህ ከእጃችን በታች ያለውን ሁሉ ሐቁን የምንወጣ ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።